አስፈሪ ፊልም በየትኛው ወቅት? የጅግጅጋ ሌሊቶች ፊዚክስ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አጋማሽ ላይ ሁለት ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ጥያቄያቸው ከመማሪያ መጽሐፍ የመጣ አልነበረም። በውጭ አገር ልማድ በኦክቶበር ወር በየምሽቱ አንድ አስፈሪ ፊልም ይታያል መባሉን ሰምተው፣ ሠላሳ አንድ ፊልሞችን በፍላሽ አሰባስበው ከመስከረም 21 ቀን ጀምሮ በመኝታ ክፍላቸው ማየት ጀምረው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፊልሞች ብርድ ልብስ ተከናንበው አዩአቸው። ከአሥረኛው በኋላ ግን ይስቁ ጀመር። «መምህር፣ የተበላሹት ፊልሞቹ ናቸው ወይስ እኛ?» ሲል አንደኛው ጠየቀኝ።

በከፊል መልሱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ስሜት በየቀኑ ሲቀሰቀስ ይደነዝዛል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከዚህ የጠለቀ መስሎ ታየኝ። ዘር የሚዘራበት ወቅት እንዳለው ሁሉ ፍርሃትም ወቅት አለው፤ ወቅቱ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ በጅግጅጋና በሰሜናዊዎቹ የሶማሌ ክልል ከተሞች፣ በሽንሌ፣ በኤረርና በአይሻ፣ የዓመቱ ሌሊቶች በምን እንደሚለያዩ፣ ለየትኛው ሌሊት የትኛው አስፈሪ ፊልም እንደሚስማማና ይህ ምርጫ ከጨዋታ ያለፈ ጉዳይ የሚሆንበትን አንድ ወቅት እንመለከታለን።

ቀለም የተቀቡ ቅጠሎች

በወቅትና በአስፈሪ ፊልም መካከል ያለውን ግንኙነት ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ኦክቶበር 31 ቀን ምሽት በኢሊኖይ ግዛት በምትገኝ አንዲት ልብ ወለዳዊ ከተማ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በጸደይ፣ በካሊፎርኒያ ነበር። ዛፎቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቅጠሎችን የመከር ቀለም እየቀቡ በመንገዱ ላይ ይበትኗቸዋል፤ አንዱ ትዕይንት ሲያልቅ ሰብስበው ለሚቀጥለው ያስቀምጧቸዋል። ገንዘብ ያጠራቸው የፊልም ሰዎች በደረቅ ቅጠል ይህን ያህል የደከሙት ያለምክንያት አይደለም። የደረቀው ቅጠል ተመልካቹን «ብርሃን እያጠረ፣ ጨለማ እየረዘመ ነው» ይለዋል።

የዚህን መልእክት ኃይል የተረዳሁት ለዶክትሬት ትምህርቴ ስዊድን አገር ኡፕሳላ በቆየሁባቸው ዓመታት ነው። በዚያ በታኅሣሥ ወር ሌሊቱ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይወርዳል፤ ያውም ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ይነጋል። ከቤተ ሙከራ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ስወጣ መንገዱ ጨልሞ አገኘዋለሁ። በእንዲህ ያለ አገር ሰው በመከር መጨረሻ ስለ ሙታንና ስለ ጥላዎች ቢያወራ አይደንቅም። እንግሊዞችም የመንፈስ ታሪክን ከገና ጋር አያይዘውታል። ቻርልስ ዲክንስ በመናፍስት የተሞላውን የገና ታሪኩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥንም ከ1971 እስከ 1978 ድረስ በየዓመቱ በገና ሰሞን አንድ የመንፈስ ታሪክ ያሳይ ነበር።

ጃፓኖች ግን በተቃራኒው የሚፈሩት በበጋ ነው። የሙታን ነፍሳት ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ ተብሎ የሚታመንበት የኦቦን በዓል የሚከበረው በሞቃቱ ወራት በመሆኑ፣ በዚሁ ሰሞን በቲያትር ቤቶች የመንፈስ ተውኔት ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ታዋቂው የዮትሱያ መንፈስ ተውኔት በኤዶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1825 በጋ ነበር። በወበቁ ሌሊት የፍርሃት ብርድ ገላን ያቀዘቅዛል ይባላል። አባባሉ ቀልድ ቢመስልም መሠረት አለው፤ ስንፈራ አድሬናሊን በቆዳችን ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ እጅና እግራችን በእርግጥ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዝብ የፍርሃቱን ወቅት የመረጠው ከሰማዩ፣ ከአየሩና ከሃይማኖቱ ተነሥቶ ነው። የእኛስ?

የእኛ ጨለማ በጨረቃ ይቆጠራል

ጅግጅጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ከ12 ሰዓት ተኩል በጥቂቱ ያነሰ፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በኡፕሳላ 13 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አገር ጨለማን የሚያረዝመውና የሚያሳጥረው የዓመቱ ወር አይደለም፤ ጨረቃ ናት። የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጨረቃ ከሌለበት የከዋክብት ብርሃን ከመቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል። በጅግጅጋ ሜዳ ላይ በአሥራ አምስት ቀናት ልዩነት የሚታየው የብርሃን ለውጥ ይህን ያህል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር እጅግ የሚያስደስት ነው። የእስልምና አቆጣጠር የጨረቃ አቆጣጠር በመሆኑ እያንዳንዱ በዓል የራሱ የሆነ የማይለወጥ የሌሊት ብርሃን አለው። በኢድ አል ፈጥር ዋዜማ የምትታየው ቀጭን ጨረቃ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ የኢድ ሌሊት ሁልጊዜ ጨለማ ነው። በዙልሒጃ 10 የሚውለው አረፋና በሙሐረም 10 የሚውለው አሹራ ደግሞ ሞላ ያለች ጨረቃ አላቸው፤ የምትጠልቀውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የመውሊድ ጨረቃ ለመሙላት ጥቂት ቀን የቀራት ናት። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ስለሚያንስ እነዚህ በዓላት በ33 ዓመት ገደማ ሁሉንም ወቅቶች ያዳርሳሉ፤ ወቅታቸው ይለወጣል፣ ብርሃናቸው ግን አይለወጥም።

የገና፣ የጥምቀትና የመስቀል በዓላት ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወቅታቸው ቋሚ ሲሆን ጨረቃቸው በየዓመቱ ትለያያለች። ፋሲካ ግን በሁለቱም የተያዘ ነው። የበዓሉ ቀን የሚሰላው ከጨረቃ ሙላት በኋላ ስለሆነ በፋሲካ ሌሊት የምትታየው ጨረቃ ሁልጊዜ እየጎደለች ያለች፣ ዘግይታም የምትወጣ ናት። ሦስተኛው አቆጣጠር ደግሞ የሶማሌ አርብቶ አደሮች የፀሐይ ዓመት ነው። የሶማሌን የሰማይና የአየር ዕውቀት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1968 በመቋዲሾ ያሳተሙት ሙሴ ሐጂ ኢስማኢል ገላል እንዳስረዱት፣ አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለጉዞ የሚመራው በከዋክብትና በዚሁ አቆጣጠር ነው።

በመሆኑም የፊልም ምርጫችን የመጀመሪያ ደንብ «ጨረቃዋ የስንት ቀን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ምንም የማያሳይ ፊልም ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «የብሌር ጠንቋይ» ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ጠንቋይዋ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አትታይም። በሙሉ ጨረቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራው፣ ለንደን ውስጥ ወደ ተኩላ ስለሚለወጥ አሜሪካዊ የሚተርከው ፊልም ይመቻል። ከዚያ በኋላ ግን ቆሪ ኢስማሪስን አስታውሱ። በሶማሌ ተረት ቆሪ ኢስማሪስ ሲመሽ ገላውን በአስማት በትር አሽቶ ጅብ የሚሆን፣ ሳይነጋም በዚያው በትር ወደ ሰውነቱ የሚመለስ ሰው ነው። የአውሮፓው ተኩላ ሙሉ ጨረቃ እስክትወጣ ይጠብቃል፤ የእኛው ሰውዬ ግን የሚሻው ሌሊቱን ብቻ ነው። በደገኛውም ዘንድ ጅብ ስለሚሆኑ ሰዎች የሚነገረው እምነት ከዚሁ ጋር ዘመድ ነው።

ከጅግጅጋ ብዙም በማይርቀው በሐረር ደግሞ በአሹራ ዋዜማ ቅቤ የተደረገበት ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል፤ ጅቦቹ መብላት አለመብላታቸውም የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ጨረቃዋ ሞላ ያለች ስለሆነች ተመልካቹ ጅቡን ከነጥላው ያየዋል። አስፈሪው እንስሳ በዓል ላይ የተጋበዘበት፣ ብርሃኑም አብሮ የተዘጋጀበት ሌላ ሥርዓት እኔ አላውቅም።

ረመዳንን በተመለከተ ተማሪዎቼ የነገሩኝን ቀልድ ልጥቀስ። በዚያ ወር ሰይጣናት እንደሚታሰሩ በሐዲስ ስለተነገረ፣ የጂን ፊልም ማየት ተዋናዩ በሌለበት ቲያትር ቤት መቀመጥ ነው ይላሉ። ወሩም የጸሎትና የተራዊሕ ወር ስለሆነ ፍላሹን በመሳቢያ መቆለፍ ይሻላል።

በጨለማ ውስጥ ዓይን የሚሠራው ስሕተት

አስፈሪ ፊልም የሚሠራው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው፤ ማለትም ወደ ውጭ ወጥተን ወደ መጸዳጃ ቤት ስንሄድ። በዚያች አጭር መንገድ ዓይናችን ሦስት ስሕተቶችን ይሠራል።

አንደኛ፣ በሬቲናችን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ኮን የሚባሉት ቀለምን ይለያሉ፣ ነገር ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ሮድ የሚባሉት ቀለም አይለዩም፣ ነገር ግን በደካማ ብርሃን ይሠራሉ። በሬቲናው እምብርት ላይ ሮዶች የሉም። ስለዚህ በጨለማ አንድን ፈዛዛ ነገር በቀጥታ ስናየው ይጠፋል፤ ዓይናችንን ወደ ጎን ስንመልስ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። «በዓይኔ ጥግ አየሁት፣ ዞር ስል የለም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አልዋሹም፤ የገለጹት የሬቲናቸውን አሠራር ነው። ዛሬ ማታ በአንዲት ፈዛዛ ኮከብ ላይ ራሳችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ሮዶች ሙሉ ችሎታቸውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ያህል ጨለማ ያስፈልጋቸዋል። ከስክሪን ላይ ቀና ብሎ የወጣ ሰው ለጊዜው ከፊል ዕውር ነው። ሦስተኛ፣ በፍጹም ጨለማ ውስጥ ያለች አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻዋን ለረጅም ጊዜ ስትታይ የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የአንድ እረኛ እሳት ሲቅበዘበዝ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እሳቱ ከቦታው አልተነሣም፤ የተንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ጅላል፦ የጆሮ ወቅት

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ደረቅ ወቅት በሶማሊኛ ጅላል ይባላል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬቱ በቀን ያከማቸውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና ስለሌለ በሌሊት ወደ ሕዋ ይለቀዋል። በመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ በፍጥነት፣ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ በዝግታ ስለሚጓዝ ወደ ላይ የሚያመራው ሞገድ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። በቀን ግን ሞገዱ ወደ ላይ ይታጠፍና ያመልጣል። በጅላል ሌሊት የሩቅ ሰው ሳል ደጃፍ ላይ ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የጅብ ጩኸት በጸጥተኛ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል፤ እኛ ግን ርቀቱን የምንገምተው በቀን በለመድነው መለኪያ ስለሆነ ከአጥሩ ሥር ያለ ይመስለናል።

ለዚህ ወቅት የሚስማማው የጸጥታ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጸጥ ያለ ቦታ» ድምፅ የሚያሰማን ሰው ሁሉ ስለሚያጠቁ ፍጥረታት ይተርካል፤ ተመልካቹ ራሱ ትንፋሹን ይቆጣጠራል። ይህን ፊልም ሳይ ትዝ ያለችኝ ግን ደግዴር ናት።

ያደግሁት ጅግጅጋ ነው። በቤታችን የምንናገረው አማርኛ ቢሆንም የሰፈራችን ቋንቋ ሶማሊኛ ነበር። መንደሩ ሁሉ «ኤዶ» እያለ የሚጠራቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ነው። በጅላል ማታ እኛን ልጆች ሰብስበው የደግዴርን ተረት ይነግሩን ነበር። ደግዴር ሰው የምትበላ ሴት ናት፤ ስሟም «ረጅም ጆሮ» ማለት ነው። በዚያ ጆሮዋ በሩቅ ያለውን መንገደኛ ትሰማዋለች። ኤዶ ታሪኩን ሲነግሩን ድምፃቸውን እያሳነሱ፣ እያሳነሱ ይሄዱና ፍጹም ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከሩቅ አንድ ጅብ ከጮኸ ከመካከላችን ወደ ቤቱ ብቻውን የሚሄድ አይገኝም ነበር። ኤዶ ስለ ድምፅ መታጠፍ የተማሩት ነገር አልነበረም፤ ለተረቱ የሚስማማውን ወቅት ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዲራዕ፦ የመብረቅ ወቅት

በመጋቢት የሚጀምረው የዲራዕ ዝናብ ከነመብረቁ ይመጣል። የመብረቅ መሥመር የአየሩን ሙቀት እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያደርሰዋል፤ አየሩ በድንገት ሲለጠጥ ነጎድጓድ ይፈጠራል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥራችሁ ለሦስት ብታካፍሉ የመብረቁን ርቀት ታገኛላችሁ። ነጎድጓዱ የሚንከባለለው መሥመሩ ረጅም በመሆኑና ከቅርብና ከሩቅ ጫፎቹ የሚነሣው ድምፅ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ነው።

ለዲራዕ «ፍራንከንሽታይን»ን አቀርባለሁ፤ በተለይ ፍጡሩ በማዕበል ሌሊት በኤሌክትሪክ ኃይል ነፍስ የሚዘራበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ጄምስ ዌል ያዘጋጀውን። የዚህ ታሪክ አመጣጥ ራሱ የወቅት ታሪክ ነው። በኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1815 ፈነዳ፤ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የገባው ጭጋግ የፀሐይን ብርሃን ጋረደ፤ 1816 በአውሮፓ በጋ የሌለበት ዓመት ሆነ። በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ዕረፍታቸውን ሊያሳልፉ የሄዱ ወጣቶች ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣቸው የመንፈስ ታሪክ ለመጻፍ ተወዳደሩ። ከመካከላቸው የአሥራ ስምንት ዓመቷ ሜሪ ሼሊ ፍራንከንሽታይንን ጀመረች፤ መጽሐፉም በ1818 ታተመ። አንድ ተራራ በእስያ ስለ ፈነዳ አውሮፓ ውስጥ አንድ ጭራቅ ተወለደ ማለት ነው።

ነጎድጓዱ ሲቀርብ ግን ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቅላችሁ ፊልሙን ለሌላ ቀን አሳድሩት።

ሐጋ፦ የነፋስ ወቅት

በሰኔና በሐምሌ ዲራዕ አብቅቶ ሐጋ ሲገባ ነፋሱ ይበረታል። በአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ መተከሉ ነፋሱ ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራል። ነፋስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በበር ስንጥቅና በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲያልፍ በውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል፤ የክፍተቱ መጠን ድግግሞሹን ይወስናል። ትልቅ ክፍተት ዝቅተኛ ድምፅ ይሰጣል፤ ከ20 ኸርዝ በታች ከሆነ ደግሞ ጆሯችን እንደ ድምፅ አይሰማውም።

በዚህ ረገድ የቪክ ታንዲ ታሪክ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ የሚኖረው ይህ መሐንዲስ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ጭንቀት ይሰማው፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ጥላ ይታየው ነበር። አንድ ቀን በማሰሪያ የያዘው የሻሞላ ስለት ያለምንም ነካኪ ሲንቀጠቀጥ አየ። ምክንያቱን ሲከታተል አዲስ የተገጠመ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ በክፍሉ ውስጥ 19 ኸርዝ ገደማ የሆነ ቋሚ ሞገድ እየፈጠረ መሆኑን አገኘ። ማራገቢያው ሲስተካከል ጥላውም ጠፋ። ጽሑፉን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመ። ይሁንና ሳይንስ በአንድ ታሪክ አይቆምም። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ሰዎችን በማይሰማ ድምፅ በተሞላ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሲፈትን፣ የሚሰማቸውን እንግዳ ስሜት ከድምፁ ይልቅ «አንድ ነገር ሊሰማችሁ ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ የተሻለ እንደሚያብራራው ደምድሟል። ሰው ሊፈራ ተዘጋጅቶ ከገባ ይፈራል።

ለሐጋ የሚመረጠው ሮበርት ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ያዘጋጀው «ዘ ሆንቲንግ» ነው። በዚህ ፊልም መንፈስ አይታይም፤ የሚሰማው በር ሲደበደብና ግድግዳ ሲያንኳኳ ብቻ ነው። የተቀረውን የእናንተ ቆርቆሮ ይሠራላችኋል።

በዚሁ ወቅት መጨረሻ፣ በሐምሌ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ገደማ፣ የሶማሌ የፀሐይ ዓመት መለወጫ የሆነው ደብሺድ ይውላል። ትርጉሙ «እሳት ማንደድ» ነው። ከእርሱ በኋላ በነሐሴ 12 ማታ የቡሄ ችቦ፣ በመስከረም 16 ደግሞ ደመራ ይከተላል። ሦስቱም እሳቶች የሚነዱት ደመና ጨረቃንና ከዋክብትን በሚሸፍንበት ሰሞን መሆኑን ልብ በሉ። የእሳት ነበልባል ስለሚወላወል ጥላዎችን በግድግዳ ላይ ያስጨፍራል፤ የዓይናችን ጥግ ደግሞ እንቅስቃሴን ለማየት የተፈጠረ ነው። እሳት ጨለማን ያሸንፋል፣ ነገር ግን ጥላን ይፈጥራል። ተረት ከእሳት ዳር የማይለየው ለዚህ ይመስለኛል።

ካራን፦ ጆሮን ለውጭ መተው

ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ካራን ይባላል። ለዚህ ወቅት የሚስማማው ፊልም የትኛው እንደሆነ ለመናገር ይቀላል፤ የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በበጋ የወጣው ይህ ፊልም የሻርክ ፊልም ቢሆንም ሻርኩ ለረጅም ጊዜ አይታይም። የተሠራው ሜካኒካዊ ሻርክ በባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ አዘጋጁ በሁለት የሙዚቃ ኖታዎችና በውሃው ገጽታ ብቻ ሕዝቡን አስፈራ። የማይታየው ነገር ከውሃ ሥር እየቀረበ ነው፤ የሚነግረን ድምፁ ብቻ ነው።

ነገር ግን በካራን ፊልም ስለ መምረጥ ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል።

ኤዶ በካራን ወራት የሚነግሩን ደግዴር የጅላሏ ደግዴር አልነበረችም። በጅላል የምትኖረው በጫካ ውስጥ ነበር። በካራን ግን ከከተማው ዳር ካለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ከቀትር በኋላ በዚያ የሚጫወት ልጅ ኮቴው ይሰማታል። እኛ ኳስ የምንጫወትበት ከዚያ አሸዋ የተሻለ ሜዳ አልነበረንም። «ውሃ የለም፣ ሰማዩም ብሩህ ነው» እያልን እንከራከራቸው ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ተራራው እያዩ «ደግዴር የምትመጣው ከላይ ነው» ይሉናል። ትንሽ ከፍ ስል፣ ሳይንስም መማር ስጀምር፣ በተረታቸው ሳቅሁ።

በሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በደቡብ በኩል ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የዘነበው ከባድ ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ድሬዳዋ ገባ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርሁ፤ ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ ከሟቾቹ ቁጥር በፊት በጆሮዬ የመጣው የኤዶ ድምፅ ነበር። ደግዴር የምትመጣው ከላይ ነው።

የደረቅ ወንዝ ጎርፍ ፊዚክስ ይህ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከእናንተ ሰማይ ላይ አይደለም፤ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ባለው ደጋ ላይ ነው። ውሃው በተራቆተ ዳገት ላይ ስለማይሰርግ በጠባቡ ሸለቆ ተሰብስቦ ይወርዳል። የውሃው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጉልበት በታች ያለ ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደግሞ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ጎርፉ ግን ድምፅ አለው። በወንዙ ወለል ላይ የሚንከባለሉ ድንጋዮች እርስ በርስ ሲጋጩ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ጉርምርምታ ይፈጥራሉ፤ እንዲህ ያለው ድምፅ በአየርም በመሬትም ሩቅ ይጓዛል። የነቃና የሚያዳምጥ ሰው ውሃው ሳይታይ ሊሰማው የሚችልበት ጊዜ አለ። ጊዜው አጭር ነው፤ ወደ ከፍታ ለመውጣት ግን ሊበቃ ይችላል።

ኤዶ የነገሩን ተረት ይህን ሁሉ በልጅ ቋንቋ የያዘ ነበር። አስፈሪው ነገር ከሩቅ ይመጣል፤ ከላይ ይመጣል፤ አሸዋው ላይ ያገኘውን ይወስዳል። ደግዴር በካራን ወደ ወንዙ የወረደችው አደጋው በዚያ ወቅት በወንዙ ስለነበረ ነው። የጥንት ሰዎች ፍርሃትን ለወቅቱ ሲመርጡ ለመዝናናት ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው በትክክለኛው ወር ትክክለኛውን ነገር እንዲፈሩ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ፊልም ይህን ሊያደርግልን አይችልም። ሻርክ በኤረር የለም። ጎርፍ ግን በሽንሌም፣ በኤረርም፣ በጅግጅጋም ደረቅ ወንዞች አለ።

ለሁለቱ ተማሪዎች የሰጠሁት መልስ

ጥቅምት በእኛ አካባቢ የካራን ዝናብ ያለፈበት፣ ሣሩ የረዘመበት፣ ከብቱ የጠገበበት የሰላም ሰሞን ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰው ጨለማ ሲረዝምበት የሚመለከተውን ፊልም፣ እነዚህ ልጆች ሰማዩ በተጠራበት፣ ልባቸውም ባረፈበት ሰሞን ሠላሳ አንድ ሌሊት ሊደረድሩት ሞከሩ። ቢስቁ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ እንዲህ ብዬ መከርኋቸው። ለዓመቱ አምስት ወይም ስድስት ፊልም ይበቃል። በጅላል ጸጥታ ያለበትን፣ በዲራዕ መብረቅ ያለበትን፣ በሐጋ በር የሚንኳኳበትን ምረጡ። ጨረቃዋን ቁጠሩ። ከፊልሙ በኋላ ወደ ውጭ ውጡና ዓይናችሁና ጆሯችሁ የሚሠሩትን ስሕተት መርምሩ፤ ምክንያቱን ማወቅ ፍርሃቱን እንደማያጠፋው፣ ነገር ግን ጣዕሙን እንደሚለውጠው ታያላችሁ። ታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ካሉ ከፊልሙ ይልቅ ተረቱን ንገሯቸው።

በካራን ሌሊት ጆውስን ለማየት ከወሰናችሁ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጉት፤ የጆሮ ማዳመጫም አታድርጉ። መኖሪያችሁ ከደረቅ ወንዝ አጠገብ ከሆነና ወደ ተራራው በኩል መብረቅ ከታየ ፊልሙን አጥፉትና አዳምጡ። በዚያ ሌሊት ረጅም ጆሮ ሊኖረው የሚገባው ደግዴር ሳትሆን እናንተ ናችሁ።